በአንድ ትንፋሽ እስከ ስንት ትቆጥራላችሁ?

ቀኑ ኅዳር 12 ነበር። ከሥራ ስመለስ ሰፈራችን በጭስ ታፍኗል። የኮንዶሚኒየማችን ልጆች ከየብሎኩ ቅጠልና ቆሻሻ ሰብስበው እያቃጠሉ ይሯሯጣሉ። የአምስት ዓመት ልጄ አፍንጫዋን በእጅጌዋ እየጠረገች በመስኮት ታያቸዋለች። ጉንፋን ይዟት ከትምህርት ቤት ከቀረች ሁለተኛ ቀኗ ነው።

«እማዬ፣ ቆሻሻው ለምንድን ነው የሚቃጠለው?» አለችኝ።

እናቴ ለእኔ የነገረችኝን እኔም ነገርኳት። ድሮ፣ በ1911 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሰው የጨረሰ ኃይለኛ ጉንፋን ገብቶ ነበር፤ ሰዉ «የኅዳር በሽታ» አለው፤ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለውም ከዚያ ጊዜ ጋር የተያያዘ ነው አልኳት።

«ጉንፋን ሰው ይገድላል እንዴ?»

«ያኔ ነው እንጂ አሁንማ አይገድልም» አልኩና ሳልኩ።

ሳሉን በጭሱ አሳበብኩ። በማግስቱ ግን ትኩሳቱ መጣ።

የምሠራው ማርኬቲንግ ክፍል ውስጥ ነው። ዕድሜዬ ሠላሳዎቹን ገና መጀመሩ ነው፤ ዲግሪዬም የቢዝነስ ነው። ሕመምና የሥራ ማስረከቢያ ቀን ሲጋጩ መሸነፍ ያለበት ሕመሙ ነው ብዬ የማምን ሰው ነበርኩ። በዚያ ላይ የገና ገበያ እየደረሰ ነው። የሬዲዮ ማስታወቂያው አልተቀረጸም፤ የባዛሩ ድንኳን ዲዛይን አላለቀም። ስለዚህ ዝንጅብል በማር እየጠጣሁ፣ ፓራሲታሞል እየዋጥኩ፣ በአንድ እጄ ሶፍት በሌላው ማርከር ይዤ ስብሰባ መራሁ። ትኩሳቱ ሦስት ቀን፣ ሳሉ አንድ ሳምንት ቆየ።

ከዚያ ዳንኩ። ይህን ቃል ልብ በሉልኝ፤ ድኜ ነበር። ሳሉ ጠፋ፣ የምግብ ፍላጎቴ ተመለሰ፣ ልጄም ትምህርት ቤት ገባች። ጉንፋኑን ረሳሁት። የዚህ ታሪክ ዋናው ነገርም እዚህ ላይ ነው፤ እኔን አልጋ ላይ የጣለኝ በሽታ የመጣው ጉንፋኑ ከሄደ በኋላ ነው።

ኅዳር መጨረሻ ላይ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ጫማዬን ሳጠልቅ የእግር ጣቶቼ ደነዘዙ። ሰው እግሩን አጥፎ ብዙ ተቀምጦ ሲነሳ ጉንዳን እንደወረረው የሚሰማው ዓይነት ነው። በባለ ተረከዙ ጫማዬ ፈረድኩና አወለቅኩት። ማክሰኞ ድንዛዜው ቁርጭምጭሚቴ ደረሰ፤ የእጆቼም ጣቶች ጀመራቸው። ረቡዕ ቢሮዬ ያለበት ሦስተኛ ፎቅ ለመድረስ ደረጃውን የወጣሁት የብረት መደገፊያውን በሁለት እጄ ይዤ ነው። ጉልበቴ የእኔ አልመስልሽ አለኝ።

በእኛ አገር የታመመ ሰው ምክር አያጣም። እናቴ በስልክ «ምች ነው የመታሽ» ብላ ዳማ ከሴ በሰው ላከችልኝ። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ «ነርቭ ነው፤ የቫይታሚን ቢ መርፌ ተወጊ፣ እኔን በሦስት ቀን ነው ያሻለኝ» አለችኝ። ሌላው «ወገብሽ ነው፤ ኮምፒውተር ላይ ተጎብጦ መዋል ዲስክ ያመጣል» አለ። ወገቤን በእርግጥ ያመኝ ስለነበር እሱን አመንኩት።

ሐሙስ ከሥራ ስወጣ አንድ ክሊኒክ ገባሁ። ግፊቴ ተለካ፣ ደሜ ታየ። «ደምሽ ትንሽ አንሷል፤ ሥራም በዝቶብሻል» ተባልኩና የብረት ኪኒን ይዤ ወጣሁ። በሐኪሙ አልፈርድም። ስለ ጉንፋኑ አልነገርኩትም፤ በእኔ መዝገብ የተዘጋ ፋይል ነበር። እሱም አልጠየቀኝም።

ዓርብ ማታ ልጄን ሹሩባ ልሠራት ከጉልበቴ ሥር አስቀመጥኳት። በማግስቱ የጎረቤት ልጅ ልደት አለባት። ጸጉሯን ለሦስት ከፈልኩ፤ ጣቶቼ ግን መያዝ አቃታቸው። ሞከርኩ፤ አመለጠኝ። ደግሜ ሞከርኩ፤ አመለጠኝ። «እማዬ፣ እየቀለድሽ ነው?» አለች። ባለቤቴ ማበጠሪያውን ከእጄ ወሰደና «ደክሞሽ ነው፤ ተኚ። ነገ ይለቅሻል» አለኝ። ይህችን «ነገ ይለቅሻል» ለብዙ ወራት ራሱን ሲወቅስባት ኖሯል። እኔም ራሴን ያልኩት ይህንኑ ስለሆነ ወቅሼው አላውቅም።

ቅዳሜ ንጋት ላይ ከአልጋ ልወርድ እግሬን መሬት ሳስነካ ጉልበቴ ታጠፈና ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ያንሸራተተኝ መስሎት ሳቀ። ውኃ አምጥቶ ሲያጠጣኝ ግን ውኃው በከንፈሬ ጥግ ፈሰሰ። ያን ጊዜ ፊቱ ተለወጠ። ቤታችን አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለውም። ሁለት ጎረቤቶቻችን የምግብ ጠረጴዛችንን ወንበር አምጥተው አስቀመጡኝና እንደ ሙሽራ ተሸክመው አወረዱኝ። ልጄ ደረጃው ላይ ቆማ ግማሹ የተሠራ ሹሩባዋን ይዛ ታየኝ ነበር።

ሆስፒታል የተቀበለችን የነርቭ ሐኪም በዕድሜ የገፋች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ እግሬ አይደለም።

«ባለፈው አንድ ወር፣ ወር ተኩል ውስጥ ጉንፋን ይዞሽ ነበር? ተቅማጥስ?»

«ጉንፋን ነበር። ግን ድኛለሁ።»

ራሷን ነቀነቀች። ትንሿን የላስቲክ መዶሻ አውጥታ ጉልበቴን ከታች መታችው። ሁላችሁም እንደምታውቁት ያን ጊዜ እግር ሳያስቡት ወደ ፊት ይወረወራል። የእኔ አልተነቃነቀም። ሌላውንም መታች፤ እሱም ዝም። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ «አሁን አየር በደንብ ሳቢ። በዚያች በአንዷ ትንፋሽ፣ ሳታቋርጪ፣ ድምፅሽን አውጥተሽ ቁጠሪ።»

አሥራ ዘጠኝ ላይ አለቀብኝ።

ጤነኛ አዋቂ ሰው ብዙውን ጊዜ ከሠላሳ እንደሚያልፍ ያወቅኩት በኋላ ነው። ዶክተሯ በወቅቱ ምንም አላለችኝም፤ ወደ ባለቤቴ ዞራ «ዛሬ ወደ ቤት አትሄድም» ብቻ አለችው።

ከአከርካሪዬ አካባቢ በመርፌ ፈሳሽ ተወሰደ። በነርቮቼ ውስጥ መልእክት በምን ፍጥነት እንደሚያልፍም በመሣሪያ ተለካ። የፈሳሹ ፕሮቲን ከፍ ብሏል፤ የነጭ የደም ሴሎቹ ቁጥር ግን አልጨመረም። ለዶክተሯ ይህ ግጥም የሚል ምልክት ነበር። የበሽታው ስም ጊላን ባሬ ሲንድሮም ይባላል። ስሙን ያገኘው በፈረንጆች 1916፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ የሁለት ወታደሮችን ሕመም ጽፈው ካወጡ ሦስት ፈረንሳውያን ሐኪሞች ነው። ወታደሮቹ እንደ እኔ ደክመዋል፣ ጉልበታቸው ለመዶሻ አልመልስ ብሏል፣ የፈሳሻቸው ፕሮቲን ጨምሯል። ሐኪሞቹ ጊላን፣ ባሬና ስትሮል ነበሩ። የሦስተኛው ስም ከጊዜ በኋላ ከብዙዎች አፍ ወጥቷል። የማርኬቲንግ ሰው ነኝና በዚያ ሁሉ ጭንቀት ውስጥ እንኳ ስትሮል አሳዘነኝ።

ለእኔ የገባኝ ግን የዶክተሯ ምሳሌ ነው። «አንድ ግቢ አስቢ» አለችኝ። «ግቢው ጎበዝ ዘበኛ አለው። አንድ ሌሊት ቡኒ ካፖርት የለበሰ ሌባ አጥር ዘሎ ገባ። ዘበኛው ደብድቦ አባረረው። ሥራውን በሚገባ ሠርቷል። ችግሩ የመጣው በኋላ ነው። የቤቱ ልጅ ቡኒ ካፖርት ለብሶ ማታ ከሥራ ሲመለስ፣ ዘበኛው ያ ሌባ መሰለውና ዱላውን አነሳበት።»

ሌባው ቫይረሱ ነው፤ ዘበኛው የሰውነቴ የመከላከያ ኃይል፤ የቤቱ ልጅ ደግሞ የገዛ ነርቬ። ነርቭ እንደ ኤሌክትሪክ ገመድ ከላዩ ሽፋን አለው። ብዙውን ጊዜ ዱላው የሚያርፈው በዚህ ሽፋን ላይ ነው። ሽፋኑ ሲላጥ መልእክቱ ይዘገያል፤ አለዚያም መንገድ ላይ ይቀራል። አንጎሌ «ተነሺ» ይላል፤ እግሬ አይሰማም። ዘበኛው በአንድ ቀን አያቆምም፤ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሁለትና ለሦስት ሳምንታት ይቀጥላል። ከእግር ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል፤ እጅ፣ ፊት፣ ጉሮሮ ይደርሳል። ደረት ሲደርስ መተንፈስ ይከብዳል። ያ ሁሉ ቆጠራ ለዚህ ነበር።

«ስንት ሰው ነው እንዲህ የሚሆነው?» አልኳት። ቁጥር መጠየቅ የሙያ ልማዴ ነው።

«በዓመት ከ100,000 ሰው አንዱ ወይም ሁለቱ።»

እስቲ አስቡት። 0.001 በመቶ ማለት ነው። ይህን ያህል የገበያ ድርሻ ይዤ ብገባ አለቃዬ ከቢሮው ያስወጣኛል። ሌሊት ኮርኒሱን እያየሁ ግን ስሌቱን በሌላ በኩል ሠራሁት። አምስት ሚሊዮን ሰው ባለበት ከተማ ይኸው ቁጥር በየዓመቱ ከ50 እስከ 100 ሰው ይሆናል። ከነዚህ ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ከቀናት ወይም ከሳምንታት በፊት የመተንፈሻ አካል ወይም የሆድ ኢንፌክሽን ይዟቸው የነበሩ ናቸው። ከተቅማጥ አምጪዎቹ ካምፒሎባክተር የሚባለው ባክቴሪያ ዋነኛው ነው፤ ኢንፍሉዌንዛና ኮቪድም ይህን በሽታ ሲያስከትሉ ታይተዋል። እኔን የያዘኝ የትኛው ቫይረስ እንደነበር አልተመረመረም። የልጄ ክፍል ልጆች ግማሾቹ ይዟቸው ነበር፤ ሁሉም በሳምንታቸው ድነው ሲሮጡ ሰነበቱ።

ሕክምናው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ደምን በማሽን አሳልፎ ፕላዝማውን መለወጥ ነው። ሌላው ኢሚኖግሎቡሊን የሚባል መድኃኒት በደም ሥር ለተከታታይ ቀናት መስጠት ነው። ለብዙ ነገር የሚታዘዘው የስቴሮይድ መድኃኒት ለዚህ በሽታ እንደማይጠቅም ተነገረን። ለእኔ የታዘዘው ኢሚኖግሎቡሊን ነው። የሚሠራው በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከለገሱት ደም ስለሆነ ዋጋው የሚቀመስ አይደለም። የእኔ ሙሉ መድኃኒት ከአንድ ዓመት ደመወዜ በላይ ነበር። በዚያ ላይ በአንድ ቦታ ተሟልቶ አይገኝም።

ባለቤቴና ወንድሙ በሁለት መኪና ከተማዋን ተከፋፍለው ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞሩ። መድኃኒቱ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ላንጋኖ ስንሄድ ለስላሳ የምንይዝበት የበረዶ ሳጥን ሥራው ተለወጠ። እቁባችን ዕጣው የሌላ ሰው ነበር፤ ሰውየው ለእኛ ለቀቀልን። የመሥሪያ ቤቴ ልጆች በሁለት ቀን አዋጡ። የቀረውን ከቤተሰብ ተበደርን። ይህን ሁሉ የማይችል ቤተሰብ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። አንድ ነገር ግን አድርጌያለሁ፤ እኔ ደም መስጠት ባልችልም ባለቤቴ በየአራት ወሩ ይለግሳል። ማንነታቸውን በማላውቃቸው ሺህ ሰዎች ደም የዳንኩ ሰው ነኝና።

የመጀመሪያው መድኃኒት በገባልኝ ማግስት ቆጠራዬ አሥራ አራት ሆነ። በሦስተኛው ቀን አሥራ አንድ። ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ወሰዱኝ። ዶክተሯ ምንም አልደበቀችኝም። «ከአምስት ሕሙማን አንዱ፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጡት፣ የመተንፈሻ መሣሪያ ያስፈልጋቸዋል። ካስፈለገሽ መሣሪያው እዚሁ ጎንሽ አለ። መሣሪያው ላይ መውጣት ማለት መሞት ማለት አይደለም» አለችኝ። የልብ ምቴና የደም ግፊቴም ያለ ምክንያት ይወጣና ይወርድ ስለነበር ሌት ተቀን መከታተያ ገመድ ተያዘልኝ።

በየአራት ሰዓቱ ነርሷ መጥታ «እስቲ ቁጠሪ» ትለኛለች። አሥራ አንድ። አሥራ አንድ። አሥር። አሥራ አንድ። ፊቴ ስለ ደከመ ዓይኖቼ ጨርሰው አይከደኑም፤ ነርሷ ስተኛ በቅባትና በፕላስተር ትዘጋልኛለች። አእምሮዬ ግን ሙሉ ነው። ሁሉን እሰማለሁ፤ ሁሉን አስባለሁ። ከሁሉ የከበደኝም ይኸው ነበር።

እናቴ ከበሩ ውጭ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ትውላለች። እሷ ከጅምሩ ጠበል ልትወስደኝ ነበር ሐሳቧ። በአራተኛው ቀን ጠበል በሀይላንድ ይዛ መጣችና ዶክተሯን ፈራ ተባ እያለች አናገረቻት። ዶክተሯ አልተቆጣችም። «እናቴ፣ ይርጩላት፤ ግንባሯን ይዳብሱላት። እንዳያጠጧት ግን፤ ጉሮሮዋ ደክሟል፣ ወደ ሳንባዋ ይገባል። መድኃኒቱም አይቋረጥ» አለቻት። እናቴ እጇን ጠበሉ ውስጥ ነክራ ግንባሬ ላይ አሳረፈችው። ጸሎትና መድኃኒት ከአንድ አልጋ አጠገብ ሳይጣሉ ቆሙ። ብዙ ቤት ውስጥ በዚህ ጉዳይ ጊዜ እንደሚጠፋ ስለማውቅ ነው የምነግራችሁ፤ የሚያስፈልገው አንዱን ጥሎ ሌላውን ማንሳት ሳይሆን ሰዓት ሳያልፍ ሐኪም ዘንድ መድረስ ነው።

በሰባተኛው ቀን አሥራ ሦስት ቆጠርኩ። ነርሷ በደስታ ጮኸች። በዘጠነኛው ቀን አሥራ ስምንት ደርሼ ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ወጣሁ። መሣሪያው ጎኔ እንደቆመ ቀረ።

የገና ዋዜማ ዕለት ወደ ቤት ተመለስኩ። ያው የምግብ ጠረጴዛ ወንበር፣ ያው ጎረቤቶች፤ አሁን ሽቅብ አራት ፎቅ። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ዘገምተኛ ነው። ማርኬቲንግ ውስጥ አንድ ዘመቻ በስድስት ሳምንት ውጤት ካላሳየ ይሰረዛል። ነርቭ ይህን አያውቅም። ሽፋኑ ተመልሶ እስኪለብስ ሳምንታትና ወራት ይወስዳል፤ ውስጡ ከተጎዳ ደግሞ የሚያድገው በቀን በአንድ ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ከአምስቱ ሕሙማን አራቱ ያህል በስድስት ወር ውስጥ ያለ ድጋፍ ይራመዳሉ ተባልኩ። አንዳንዱ የተወሰነ ድካም ይቀርበታል፤ በተሻለ ሕክምናም ቢሆን የሚሞቱ ጥቂቶች አሉ። ፊዚዮቴራፒስቱ በሳምንት ሦስት ቀን እየመጣ ከአልጋ ወደ ወንበር መሸጋገርን፣ ማንኪያ መያዝን፣ ቁልፍ መቆለፍን እንደ ሕፃን አስተማረኝ። ባለቤቴ ሹሩባ ተማረ። መጀመሪያ የሠራው የወፍ ጎጆ ይመስል ነበር፤ ልጃችን ግን ሳታፈርሰው ትምህርት ቤት ሄደች።

አሁን ልነግራችሁ የፈለግሁት ዋናው ነገር ላይ ደረስኩ።

ቤት በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ጠያቂ ዘመዶች መጡ። ቡና ተፈልቶ ሲጨዋወቱ አንዷ «ልጆች አይደሉ ከትምህርት ቤት በሽታ የሚለቅሙት? ይኸውላችሁ፣ ይቺ ናት ጉንፋኑን አምጥታ እናቷን የጣለቻት» አለችና ልጄን ጉንጯን ቆነጠጠቻት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ክፉ አስባ አይደለም፤ ጨዋታ ነው። እኔም ረሳሁት።

ልጄ ግን አልረሳችውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልጋዬ ላይ መውጣት ተወች። ስጠራት በር ላይ ትቆማለች። ስትስመኝ ትንፋሿን ትይዛለች። የሆስፒታሉ ሁኔታ አስፈርቷት ነው ብለን ተውናት። አንድ ከሰዓት ሳል መጣባት፤ አፏን በሁለት እጇ አፍና ሮጣ መታጠቢያ ቤት ገባችና በሩን ዘጋች። እኔ ተነስቼ መሄድ አልችልም። እናቴ በሩን አስከፍታ አመጣችልኝ። ለምን እንደሮጠች ስጠይቃት መሬት መሬቱን እያየች፦

«እንዳልገድልሽ ብዬ ነዋ» አለች።

ኅዳር 12 ቀን በመስኮት ቆማ የጠየቀችኝን ጥያቄ ያን ጊዜ አስታወስኩ። ለካ ልጄ ሁለት ወር ሙሉ ብቻዋን ስታሰላ ነው የከረመችው።

ደካማ ክንዴን ዘርግቼ አጠገቤ አስቀመጥኳትና የዘበኛውን ተረት ነገርኳት። ሌባው እንዴት አጥር እንደ ዘለለ፣ ዘበኛው እንዴት እንዳባረረው፣ ከዚያ ደግሞ የቤቱን ልጅ ሌባ መስሎት እንዴት እንደመታው። በዝምታ ሰማችኝ።

«ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?» አልኳት።

አሰበች። «የዘበኛው። ግን ደግሞ ጨለማ ስለሆነ ነው፤ አላየማ።»

«በሩን የከፈተው ሰውስ?»

«ሌባው በአጥር ነው የገባው አላልሽም? በር የከፈተ ሰው የለም።»

«የለም» አልኳት። «በር የከፈተ ሰው የለም።»

ያን ሌሊት አልጋዬ ላይ ተኛች።

ጉንፋን በየቤታችን የሚዞር ነገር ነው፤ እገሌ አመጣው የሚባል አይደለም። ታዲያ ጉንፋን የያዘው ሁሉ ይጨነቅ? በፍጹም። ከሞላ ጎደል ሁሉም ሰው በሳምንት በሁለት ሳምንት ይድናል፤ እናንተም ትድናላችሁ። እኔ የምለምናችሁ ጥቂት ነገሮችን እንድታውቁ ብቻ ነው።

ጉንፋን ወይም ተቅማጥ ካለፈ በኋላ በነበሩት ሳምንታት ሁለቱም እግሮች ደንዝዘው ወይም ደክመው፣ ድካሙም ከቀን ቀን ወደ ላይ ከወጣ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው ብላችሁ አትተኙ። በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ፤ ጉንፋን ይዟችሁ እንደነበርም ሳትጠየቁ ተናገሩ። ፊት ከደከመ፣ መዋጥ ካስቸገረ፣ ትንፋሽ ካጠረ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ሊነጋ አይጠበቅም። በአገራችን ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እጅ ወይም እግር በድንገት ሲዝል ጤና ተቋሙ ለፖሊዮ ቁጥጥር ሲባል ሪፖርት ያደርጋል፤ ሰገራ አምጡ ብትባሉ አትደንግጡ።

ሕፃናት ላይ ሌላም አልፎ አልፎ የሚታይ ነገር አለ። በጉንፋን ትኩሳት መካከል ልጅ ቢንቀጠቀጥና ራሱን ቢስት፣ ቢቃዥ፣ ወላጁን ባያውቅ፣ ሲቀሰቅሱት አልነቃ ቢል፣ ወይም ካገገመ በኋላ እንደ ሰከረ ሰው እየተንገዳገደ ቢራመድ ኢንፌክሽኑ አንጎልን ነክቶ ሊሆን ስለሚችል አሁንም በዚያው ሰዓት ሐኪም ያስፈልገዋል። ለጉንፋን ትኩሳት ደግሞ ለልጆቻችሁ አስፕሪን አትስጡ፤ ሬይ ሲንድሮም ከሚባል አንጎልንና ጉበትን ከሚጎዳ ከባድ ሕመም ጋር የተያያዘ ነው። ፓራሲታሞል ይበቃል፤ እሱም በክብደታቸው ልክ።

አሁን ዓመት ሞልቶኛል። ሥራዬ ተመልሻለሁ። ሦስተኛ ፎቅ የምወጣው መደገፊያውን በአንድ እጄ ነካ እያደረግሁ ነው። ብርድ ሲሆን የእግር ጣቶቼ ይደነዝዛሉ፤ ከሰዓት በኋላ ቶሎ ይደክመኛል፤ ባለ ተረከዝ ጫማዎቼን ለእህቴ ሰጥቻለሁ። ሹሩባ አሁንም የባለቤቴ ሥራ ነው፤ በልጦኛል።

ዘንድሮ ኅዳር 12 ቀን ጭሱ እንዳይመታን መስኮቱን ዘግተን ከልጄ ጋር አልጋው ላይ ተቀመጥን። አንድ ጨዋታ አለን፤ አየር ስበን በአንድ ትንፋሽ እንቆጥራለን። እሷ ሃያ ላይ ስትደርስ በአፍንጫዋ ቀስ ብላ ትተነፍስና ትቀጥላለች፤ አይቼ እንዳላየሁ አልፋታለሁ። ያን ዕለት ሠላሳ አራት ቆጠርኩ። «አሸነፍሽ!» ብላ ስትጮህ ሳል መጣባት፤ አፏን በክንዷ ከልላ ሳለችና እዚያው ጉያዬ ውስጥ ሆና «እንደገና» አለችኝ።